ኳሱ ከመድረሱ በፊት

ጥያቄ

ውድ አሰልጣኝ፣

ጤና ይስጥልኝ። 17 ዓመቴ ነው። መረብ ኳስ መጫወት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምመኘው አንድ ነገር ነው፤ በትልቅ ደረጃ መጫወት። መጀመሪያ ክለብ፣ ከዚያ ብሔራዊ ቡድን።

ችግሬ ቁመቴ ነው። 1.66 ሜትር ነኝ። እስካሁን የተጫወትኩት በግራ በኩል አጥቂ ሆኜ ነው። ዘንድሮ አዲስ አሰልጣኝ መጣ። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው «አንቺ ከዛሬ ጀምሮ ሊቤሮ ነሽ» አለኝ፤ መምታቱ ቀርቶ ከኋላ ሆኜ ኳስ እንድቀበልና እንድከላከል ማለት ነው። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። በእኔ ቦታ የገባችው 1.81 የሆነች ልጅ ናት። ልምምድ ትቀራለች፤ ስትመጣም ታረፍዳለች። ግን ስትመታ ሁሉም ያጨበጭባል። ጓደኛዬ ናት። እውነቱን ልንገርዎት፣ ኳስ ስትስት ደስ ይለኛል። በዚህም ራሴን እጠላለሁ።

ስለዚህ ዝላዬን ለመጨመር ወሰንኩ። ልምምድ ካለቀ በኋላ ማታ ማታ ብቻዬን እስኪደክመኝ ድረስ እዘላለሁ። ሰውነቴ ቀለል እንዲል ብዬ እራት ትቻለሁ። ከአንድ ወር ወዲህ ከጉልበቴ ሎሚ በታች ያመኛል። ለማንም አልተናገርኩም። ከተናገርኩ ጭራሽ ከቡድኑ እወጣለሁ ብዬ እፈራለሁ።

ከሦስት ወር በኋላ አንድ ክለብ ተጫዋቾችን ለመምረጥ ሙከራ ያደርጋል። እናቴ ደግሞ «ኳሱ ይብቃሽ፣ ትምህርትሽን ያዢ» ትለኛለች። የማጠቃለያ ፈተናዬ ዘንድሮ ነው። በዚህ ላይ ጨዋታ ላይ አንድ ኳስ ካበላሸሁ ቀጥለው የሚመጡትንም አከታትዬ አበላሻለሁ። ራሴን መሰብሰብ አልችልም።

እርስዎ ብዙ ተጫዋች አሳድገዋል። ሳይደብቁ ይንገሩኝ። ልተወው? ሊቤሮነቱን ልቀበል? ወይስ ረፍዶብኛል?

ሰ. ነኝ


መልስ

ልጄ ሰ.፣

ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። የጠየቅሽኝ ስለ ቁመትሽና ስለ ቦታሽ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ስለ ጉልበትሽ እንነጋገር እላለሁ፤ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ ትንሽ መቆየት ይችላል፣ እሱ ግን አይችልም።

ከሎሚው በታች፣ ስትዘይና ስታርፊ የሚያም ሕመም በመረብ ኳስ ተጫዋቾች ዘንድ በጣም የተለመደ ነው። «የዘላዮች ጉልበት» ይሉታል። ሎሚውን ከቅልጥም አጥንት ጋር የሚያገናኘው ጅማት ከአቅሙ በላይ ሲሠራ የሚመጣ ነው። ጅማት ሥራ ይወዳል፤ ግን ቀስ እያለ ሲጨመርበት ነው። በድንገት ሲበዛበት ያምፃል። አንቺ ደግሞ ሙሉ ልምምድ ከጨረስሽ በኋላ፣ እግርሽ ደክሞ እያለ፣ ሌላ የዝላይ ልምምድ ጨመርሽበት። መነሻው ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ግን እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ደብዳቤ አንብቤም ጉልበት አልመረምርም። በአንቺ ዕድሜ ገና በማደግ ላይ ካለ አጥንት የሚመጣ ተመሳሳይ ሕመምም አለ። ስለዚህ የሚያይልሽ ሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያስፈልግሻል። ጉልበትሽ ካበጠ፣ ከተቆለፈብሽ፣ እየከዳሽ ከሆነ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስሽ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮ አታራዝሚ።

የሚያስደስትሽን ነገር ልንገርሽ። እንዲህ ያለው የጅማት ሕመም ሲያጋጥም ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ኳስ መተው አይደለም። ዝላዩ ለጊዜው ይቀነሳል፤ በምትኩ የጭንና የዳሌ ጡንቻን የሚያጠነክር፣ ቀስ ተብሎ የሚሠራ የክብደት ልምምድ ይታዘዛል። ጊዜ ይወስዳል፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት። ዛሬ ከጀመርሽ ግን ለሙከራው ቀን በተሻለ እግር የመድረስ ዕድል አለሽ። ደብቀሽ ከቀጠልሽ ሙከራው ቀን ላይ እያነከስሽ ልትደርሺ ትችያለሽ።

ስለ ዝላይም ካነሳን፣ ከፍታ የሚጨምረው የዝላይ ብዛት አይደለም። እስኪደክምሽ ስትዘይ ሰውነትሽ የሚማረው ደክሞ መዝለልን ነው። ከፍ ብሎ ለመዝለል እግር ትኩስ መሆን አለበት፤ ጥቂት ዝላይ፣ በሙሉ ኃይል፣ በመሃል በቂ ዕረፍት። ከዚያም በላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት እርምጃዎች አሉ። እነሱ ፈጣን ከሆኑ፣ ክንዶችሽም ወደ ኋላ ሄደው በኃይል ወደ ላይ ከተወረወሩ፣ ጡንቻ ሳትጨምሪም ከፍታ ታገኛለሽ። አወራረድሽንም ተመልከቺ። በሁለት እግር፣ ጉልበት ታጥፎ፣ ጉልበቶችሽ ወደ ውስጥ ሳይገቡ። ይህን በስልክ አስቀርፀሽ እዪው። ብዙ ልጆች እንዴት እንደሚያርፉ ያወቁት ራሳቸውን በቪዲዮ ካዩ በኋላ ነው።

እራት መተውሽን ግን ዛሬውኑ አቁሚ፤ ይህን እንደ ወላጅ ነው የምነግርሽ። ሳይበላ የሚሠለጥን ሰውነት ቀለል አይልም፤ ይደክማል። ጡንቻው አይጠገንም፣ አጥንቱ ይሳሳል፣ ጉዳቱም ቶሎ አይድንም። አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፤ ለእኔ መመለስ የለብሽም። የወር አበባሽ ቀርቶብሻል ወይ? ተዛብቶብሻል ወይ? ከሆነ ይህ የስፖርተኛ ጥንካሬ ምልክት አይደለም። ሰውነትሽ የሚበቃውን ያህል ምግብ እያገኘ እንዳልሆነ እየነገረሽ ሊሆን ይችላል። ስለ ጉልበትሽ ሐኪም ስታዪ ይህንንም ንገሪያት።

አሁን ወደ ቁመትሽ እንምጣ። ሳልደብቅ እንድነግርሽ ጠይቀሻል። በከፍተኛ ደረጃ በሚጫወቱ የሴት ቡድኖች ውስጥ የግራ አጥቂዎች አብዛኞቹ ከ1.80 በላይ ናቸው። የሴቶች መረብ 2.24 ሜትር ነው፤ ከመረቡ ማዶ ደግሞ ረጃጅም ክንዶች ብሎክ ይዘው፣ ማለትም ምቱን መረቡ ላይ ለመዝጋት ተዘርግተው፣ ይጠብቃሉ። 1.66 ሆኖ በዚያ ቦታ እስከ ብሔራዊ ቡድን መድረስ አይቻልም አልልሽም። በጣም ጠባብ በር ነው ግን እላለሁ። አሰልጣኝሽ ያየው ይህን ይመስለኛል። ችግሩ ውሳኔው አይደለም፤ ሳያስረዳሽ መወሰኑ ነው። የአራት ዓመት ቦታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲወሰድ ያማል። ማዘንሽ ልክ ነው። ለማዘን ጊዜ ስጪው።

ቢሆንም ሊቤሮነትን እንደ ቅጣት አትይው። ይህ ቦታ ወደ ዓለም አቀፉ ጨዋታ የገባው በ1998 ነው። ያኔ ጨዋታው የረጃጅምና የኃይለኛ መቺዎች ብቻ እየሆነ ስለመጣ፣ ኳስ የሚያነሳና ጨዋታውን የሚያስቀጥል ተጫዋች እንዲኖር ተፈልጎ ነው። ብሎክ ማድረግ አይፈቀድላትም። ከመረቡ በላይ ያለ ኳስ መትታ ማሳለፍም አትችልም። ልብሷ እንኳ ከሌሎቹ ይለያል። ሥራዋ ግን የቡድኑ ግማሽ ሕይወት ነው። ሰርቭ፣ ማለትም ከሜዳው ጫፍ ተመትቶ ጨዋታውን የሚጀምረውን ኳስ፣ በትክክል ካልተቀበልሽ ሴተሯ፣ ለአጥቂዎች ኳስ የምታዘጋጀዋ ተጫዋች፣ ምርጫ የላትም፤ ሴተሯ ምርጫ ካጣች ረጅሟ አጥቂ ከሁለትና ከሦስት ሰው ብሎክ ጋር ብቻዋን ትጋፈጣለች። የምታጨበጭቡላት ምት የሚጀምረው ከተቀባይዋ ክንድ ነው።

የብራዚሉን ሊቤሮ ሰርዢኒዮን አስቢው። በ2004 በአቴንስ፣ ከዚያ በ2016 በሪዮ የኦሎምፒክ ወርቅ አገኘ። በሪዮ ደግሞ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ። አንድም ነጥብ በኃይለኛ ምት የማያስቆጥር ሰው! የጃፓኗ ሴተር ዮሺዬ ታኬሺታ 1.59 ሜትር ናት፤ ካንቺ በሰባት ሴንቲ ሜትር ታንሳለች። በ2006 የዓለም ሻምፒዮና ምርጥ ተጫዋች ተብላ የተሸለመችው እሷ ናት። በ2012 በለንደን ኦሎምፒክ ከቡድኗ ጋር ነሐስ ይዛ ተመለሰች። የእነዚህን ስም የጠራሁት «አንቺም እንደነሱ ትሆኛለሽ» ለማለት አይደለም። እሱን ማንም ቃል ሊገባልሽ አይችልም። ለአጭር ተጫዋች ከፍተኛው ደረጃ ላይ ቦታ እንዳለና ቦታው የት የት እንደሆነ እንድታዪ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለሽ አስቢልኝ። በጨዋታ ውስጥ ደስ የሚልሽ የቱ ነው? ኳሱን መምታቱ ነው? ወይስ የማይነሳ የመሰለ ኳስ ሲነሳ ቡድኑ የሚጮኸው ጩኸት? ወይስ ጨዋታውን ማቀናበር፣ ማን ይምታ ብሎ መወሰን? መልስሽ የመጨረሻው ከሆነ ሴተር የመሆን ሐሳብሽን ለአሰልጣኝሽ ማቅረብ ትችያለሽ፤ ግን ሴተርነት በሦስት ወር የሚያዝ አይደለም፣ ዓመታት ይፈልጋል። መምታት ካልሆነ ደስ አይለኝም የምትይ ከሆነ ደግሞ ሁለት ለሁለት የሚደረገው የባሕር ዳርቻ መረብ ኳስ አለ። እዚያ ሁሉም ይቀበላል፣ ሁሉም ያነሳል፣ ሁሉም ይመታል። ሁለተኛው መልስሽ ከሆነ ግን አሰልጣኝሽ ሳያስረዳሽም ቢሆን ትክክለኛውን ቦታ ሰጥቶሻል።

ከዚህ ቀጥሎ የምነግርሽ በዚህ ሁሉ ዓመት ሳሠለጥን ስለቆየሁበት ነገር ነው። እባክሽ በደንብ አንብቢው።

በመረብ ኳስ ኳስ ይዞ መቆም አይፈቀድም። አንድ ተጫዋች ኳሱን የምትነካው ለቅጽበት ነው። በአንድ ሙሉ ጨዋታ ኳሱ በእጅሽ ያለበት ጊዜ ቢደመር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የቀረውን ጊዜ ሁሉ ያለ ኳስ ነው የምትጫወቺው። ብዙ ወጣቶች ልምምዳቸውን ሁሉ የሚያውሉት በዚያች ቅጽበት ላይ ነው፤ እንዴት ልምታ፣ እንዴት ልዝለል። መራጮች ግን ሌላውን ያያሉ። እኔም መራጭ ሆኜ ስቀመጥ የማየው እሱን ነው። ኳሱ ከመድረሱ በፊት ምን አደረገች? እግሯ መቼ ተንቀሳቀሰ? ዓይኗ የት ነበር? አፏስ ምን አለ? መልካም ደረጃ ላይ ያለችውንና ከፍተኛ ደረጃ የምትደርሰውን የሚለያቸው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰርቭ ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ማለትም 18 ሜትሩን፣ ለማቋረጥ አንድ ሰከንድ አይፈጅበትም። ኳሱ መረቡን ካለፈ በኋላ መንቀሳቀስ የጀመረች ተቀባይ አይደርስላትም። ስለዚህ ጥሩ ተቀባይ ማየት የምትጀምረው ቀደም ብላ ነው። ሰርቭ የምታደርገዋ ልጅ ትከሻ ወዴት ዞሯል? ኳሱን ወደ ፊት ወረወረችው ወይስ ከራሷ በላይ? እጇ ኳሱን ሲመታ ቆመ ወይስ ጠቀለለ? እጇ መታ አድርጎ ከቆመ ኳሱ ሳይሽከረከር እየተንሳፈፈ ሊመጣ ነው፤ አቅጣጫው ይዋልላል። እጇ ከጠቀለለው ኳሱ ተሽከርክሮ ይወርዳል። ይህን ቀድማ ያነበበች ልጅ ኳሱ ሲደርስ ቆማ ትጠብቀዋለች። ያላነበበችው እየሮጠች ትነካዋለች። ኳሱን ስትነኪ እግርሽ መቆም አለበት፤ ክንድሽ ደግሞ ቀድሞ ወደ ሴተሯ መመልከት አለበት።

መከላከል ላይ ስትሆኚም የዓይንሽ መንገድ አለ። ኳስ፣ ሴተር፣ ኳስ፣ አጥቂ። መጀመሪያ ኳሱ ወደ ተጋጣሚ ሴተር እንዴት እንደሄደ ታያለሽ። ከዚያ ሴተሯን፤ እጇን፣ ወገቧን። ከእጇ ሲወጣ ኳሱን፣ ወዲያው ደግሞ አጥቂዋን። ብዙ ጀማሪዎች ዓይናቸው ኳሱ ላይ ብቻ ተተክሎ ይቀራል። ኳስ በአየር ላይ እያለ ብዙ አይነግርሽም፤ የአጥቂዋ አካሄድና ትከሻ ግን ይነግርሻል። ይህን ለመማር የግድ ሜዳ ውስጥ መሆን አያስፈልግም። ጉልበትሽ እስኪያገግም ተቀምጠሽ ጨዋታ እዪ። አጥቂዋ ከመምታቷ በፊት «ቀጥታ» ወይም «አግድም» ብለሽ በአፍሽ ተናገሪ። መጀመሪያ ላይ ብዙ ትስቻለሽ። በሳምንታት ውስጥ ዓይንሽ መቀየሩ ይታወቅሻል።

አሜሪካዊውን ተጫዋች ካርች ኪራይን የሚያውቀው ሁሉ በአጥቂነቱ ያነሳዋል። በ1984 እና በ1988 በአዳራሽ፣ በ1996 ደግሞ በባሕር ዳርቻ መረብ ኳስ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ ሰው ነው። በኋላም በአሰልጣኝነት የአሜሪካን ሴቶች ቡድን ለ2020 የቶኪዮ ኦሎምፒክ ወርቅ አብቅቷል። እኔ ግን ስለሱ ሳስብ የሚታወሰኝ አቀባበሉ ነው። በ1984 ቡድኑ ሰርቭ የመቀበሉን ሥራ በዋናነት ለሁለት ሰዎች ሰጥቶት ነበር፤ አንዱ እሱ ነበር። ያን ጊዜ ሊቤሮ የሚባል ቦታ አልነበረም። ከዓለም ምርጥ መቺዎች አንዱ የቡድኑን የመጀመሪያ ንክኪ ይሸከም ነበር።

ለመሆኑ ልምምድሽ ምን ይመስላል? ከጓደኛሽ ጋር ፊት ለፊት ቆማችሁ ኳስ መቀባበል ከሆነ ለማሟሟቂያ ጥሩ ነው፤ ግን ጨዋታ ላይ ማንም እንደዚያ ኳስ አይሰጥሽም። እውነተኛ ሰርቭ ያስፈልግሻል፤ ከመረብ ማዶ፣ ከተለያየ ቦታ፣ የትኛው እንደሚመጣ ሳታውቂ። ሰርቭ መለማመድ የምትፈልግ አንዲት ጓደኛ ፈልጊ። ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ። እያንዳንዱን አቀባበልሽን ከ0 እስከ 3 ነጥብ ስጪው። ሴተሯ ሁሉንም አጥቂ መጠቀም የምትችልበት ከሆነ 3፤ ምርጫዋ የጠበበ ከሆነ 2፤ ኳሱን ከፍ አድርጎ ከመላክ ሌላ የማይቻል ከሆነ 1፤ ከጠፋ 0። ብዙ አሰልጣኞች የሚጠቀሙበት አቆጣጠር ነው። አማካዩን ማስታወሻ ላይ ጻፊ። ዝላይ ስትቆጥሪ የነበረውን ትጋት እዚህ ላይ አውዪው። በዚያ ላይ ይህ ልምምድ ጉልበትን እንደ ዝላይ አያደክምም፤ ሐኪምሽ ይሁን እስካለች ድረስ።

አፍሽንም አሠልጥኚ። «የኔ!» የሚለው ቃል ኳሱ ከመድረሱ በፊት መውጣት አለበት። በሁለት ተጫዋቾች መሃል የሚወርድ ኳስ የሚጠፋው ማንም ስለማይችለው አይደለም፤ ማንም ስላልተናገረ ነው። ዝምተኛ ልጅ ከሆንሽ መጀመሪያ ያሳፍራል። ግድ የለም፣ ጩኺ።

አንድ ኳስ ካበላሸሽ በኋላ ስለሚከተሉት ኳሶች የጻፍሽው ከዚሁ ጋር ይያያዛል። አስቢው፤ 25 ለ20 ያሸነፈ ቡድን 20 ኳስ ተሸንፏል። ድሮ ነጥብ የሚያገኘው ሰርቭ ያደረገው ቡድን ብቻ ነበር። አሁን እያንዳንዱ ኳስ ለአንዱ ወገን ነጥብ ነው። ስለዚህ መሳሳት የጨዋታው አካል ነው፤ ያለ ስሕተት የሚያልቅ ጨዋታ አላየሁም። አንቺ ግን ያለፈውን ኳስ ይዘሽ ወደሚቀጥለው ትገቢያለሽ። ዓይንሽ ሰርቭ የምታደርገዋ ልጅ ላይ መሆን ሲገባው ወደ ውስጥሽ ዞሯል። «እርሺው» ብልሽ አይረዳሽም፤ በትእዛዝ መርሳት አይቻልም። ይልቅ ለዓይንሽ ሥራ ስጪው። ኳስ ከጠፋ በኋላ አንዴ በረጅሙ ተንፍሺ። ለጎንሽ ተጫዋች አንድ ቃል ተናገሪ፤ «ቀጥታውን እኔ እይዛለሁ» ዓይነት፣ ስለሚመጣው ኳስ የሆነ ነገር። ከዚያ ዓይንሽን ሰርቭ አድራጊዋ ትከሻ ላይ ትከዪው። ይህንን ልምምድ ላይ፣ ስትስቺም ሳትስቺም፣ ከእያንዳንዱ ኳስ በኋላ አድርጊው። ጨዋታ ላይ ብቻ ልሞክረው ካልሽ አይመጣልሽም።

ስለ ጓደኛሽ ደግሞ፣ ስትስት ደስ ስላለሽ ክፉ ሰው አይደለሽም። ቦታሽን አጥተሻል፣ ተጎድተሻል፤ ቅናት በዚህ መሃል መምጣቱ የሰው ነገር ነው። ብቻ አንድ ነገር አስቢ። ሊቤሮ ከሆንሽ የእሷ ምት የአንቺም ሥራ ነው። እሷ ባረፈደች ቁጥር አንቺም ትጎጂያለሽ። የእሷን ማርፈድ ማስተካከል የአሰልጣኙ ድርሻ እንጂ የአንቺ አይደለም። የሰርቭ ጓደኛ እንድትሆንሽ ብትጠይቂያትስ? እምቢ ልትል ትችላለች። እሺ ካለች ግን በመካከላችሁ የገባው ነገር ትንሽ ይቀል ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

አሰልጣኝሽን ማነጋገር አለብሽ። ልምምድ መሃል አይሁን፤ ከሰው ፊትም አይሁን። ቀድመሽ ጥቂት ደቂቃ እንዲሰጥሽ ጠይቂው። «ለምን ከቦታዬ አወጡኝ?» ብለሽ ከጀመርሽ ራሱን ወደ መከላከል ይሄዳል። እንዲህ ብትይውስ፦ «ሊቤሮ ያደረጉኝ ምን አይተውብኝ ነው? በዚህ ቦታ ጥሩ ለመሆን መጀመሪያ ማስተካከል ያለብኝ ምንድን ነው?» መልሱን ጽፈሽ ያዢ። ከዚያ ስለ ጉልበትሽ ንገሪው። ከቡድኑ እወጣለሁ ብለሽ መፍራትሽ ይገባኛል። እንደዚያ የሚያደርግ አሰልጣኝ የለም ብዬ አልዋሽሽም። ግን እኔን ጨምሮ የማውቃቸው አብዛኞቹ አሰልጣኞች የሚያበሳጫቸው ጉዳት አይደለም፤ የተደበቀ ጉዳት ነው። ስንት ዝላይ መቀነስ እንዳለበት ካላወቀ ልምምዱን ሊያስተካክልልሽ አይችልም። ብቻሽን መናገር ከከበደሽ እናትሽ አብረውሽ ይሁኑ።

እናትሽን በተመለከተ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። «ኳሱ ይብቃሽ» ሲሉሽ የሚፈሩት ምንድን ነው? ፈተናውን እንዳትወድቂ ነው? ወይስ ማታ ደክመሽ ስትገቢ፣ እራት ሳትበዪ ስትተኚ ያዩት ነገር አለ? እናቶች ያልተነገራቸውን ያያሉ። ሕመሙን ጭምር ንገሪያቸው። ከዚያ የሳምንቱን ሰዓት በወረቀት ላይ አብራችሁ አስቀምጡት፤ ትምህርት፣ ጥናት፣ ልምምድ፣ እንቅልፍ። በአንቺ ዕድሜ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ይመከራል። ያ የማታው ብቸኛ ዝላይ ሲወጣ ለጥናትም ለእንቅልፍም ቦታ ታገኛለሽ። ፈተናውን ደግሞ እንደ ኳስ ጠላት አትቁጠሪው። የስፖርት ዘመን አጭር ነው፤ አንድ ጉዳት ከዚያም ያሳጥረዋል። የሚመርጥሽ ክለብ ቢኖርም ትምህርቱ የአንቺው ሆኖ ይቀራል።

ረፍዶብኛል ወይ ብለሽኛል። በ17 ዓመት አልረፈደም። የመቀበልና የማንበብ ችሎታ በልምድ የሚበስል ነው። ሰርዢኒዮ ሪዮ ላይ ሲያሸንፍ ዕድሜው 40 ነበር። በሦስት ወር ግን ቁመትሽ አይለወጥም፤ ዝላይሽም ብዙ አይጨምርም። አቀባበልሽ፣ አነጋገርሽና ከስሕተት በኋላ ያለው ሁኔታሽ ግን ሰው የሚያየው ለውጥ ሊያመጡ ይችላሉ። ልተወው ላልሽውም አሁን አትወስኚ። የሚያምሽ ጉልበት፣ ባዶ ሆድና የተጎዳ ልብ ይዘሽ ነው የጠየቅሽኝ። ጉልበትሽ ሲሻለው፣ በደንብ በልተሽና ተኝተሽ ጥቂት ሳምንት ከሠራሽ በኋላ ያው ጥያቄ ከመጣ፣ ያኔ መልስሽን አምኚው። መተውም ቢሆን ነውር የለበትም።

የሙከራው ቀን ቀደም ብለሽ ድረሺ። ስትመዘገቢ «ሊቤሮ ነኝ» ብለሽ በግልጽ ተናገሪ፤ አጥቂም ሊቤሮም ነኝ ብለሽ ብታወላውዪ መራጩ የት እንደሚያይሽ አያውቅም። የመጀመሪያውን ሰርቭ ሲልኩብሽ ጮክ ብለሽ «የኔ» በዪ። ኳስ ባልመጣልሽ ጊዜም ተጫወቺ፤ አጥቂሽን ከኋላ ሸፍኚ፣ ቦታ ያዢ፣ የጎንሽን ልጅ አስጠንቅቂ። ያልተመረጥሽ እንደሆነ ሳትሄጂ አንዱን መራጭ በትህትና ቀርበሽ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ «ምን ጎደለኝ? ቀጣዩ ሙከራ መቼ ነው?»

የሐኪሟን መልስና አሰልጣኝሽ ያለሽን ጻፊልኝ። ከዚያ የሳምንት ልምምድሽን አብረን እናወጣለን።